ለጋዙ ምራቂ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ዓብዱልመጂድ
የነበልባል ጋዝ መሙያና ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ
ከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የጣቢያዎን ሠራተኞች ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ የግራ ቅንድብዎን ሳልጠይቅ ባልፍ ከትሕትና መጉደል ይሆንብኛልና፣ እስካሁን ትንሽ ብቅ እንዳለልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም፣ ባለቤቴ ቶፊቅም፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን። ይህን የጻፍሁት ለሰላምታ ማሳመሪያ ብዬ አይደለም። ከጣቢያዎ ጋዝ ያስሞላ ሰው በሕይወት መኖሩን ለኃላፊው ማስታወቅ ተገቢ መስሎ ስለታየኝ ነው።

በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ሶፍያ ሙሀመድኑር የምባል የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከአንድ አገር ጎብኚ የገዛናት፣ ውስጧ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና በጋዝ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ያላት አሮጌ ሚኒባስ አለችን። ቶፊቅ ይነዳታል፤ እኔ ከጨፋ ሮቢት እስከ ባቲ ባሉት ገበያዎች እየዞርሁ ከብትና ፍየል እከትብባታለሁ፤ ሲመሽም እንተኛባታለን። ፍሪጇ የክትባት መድኃኒቱን ታቀዘቅዛለች። ክትባቱ ከሞቀ ውኃ ነው፤ ቢወጉትም ባይወጉትም አንድ ነው። ስለዚህ ከመኪናዋ ሆድ ሥር የታሰረው የጋዝ ታንክ ለሌላው ሰው የሻይ ማፍያ ቢሆን፣ ለእኔ ሥራዬ ማለት ነው። በዞናችን ይህን ታንክ የሚሞላና የሚመረምር ደግሞ ከእርስዎ ጣቢያ በቀር ሌላ የለም።

ከዚህ በፊት ያቀረብሁልዎትን አቤቱታ በአክብሮት ተቀብለውኝ መሳቢያዎ ውስጥ እንዳስቀመጡት አስታውሳለሁ። ያ መሳቢያ ከእኔ የገባበትን ነገር ሁሉ ይዞ የሚያስቀር ስለሆነ፣ የአሁኑን ሕዝብ እያነበበው ቢደርስዎ ይሻላል ብዬ አደባባይ አውጥቼዋለሁ። ቅሬታዎቼም፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼም፣ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ቀለሙ።

ለዓመታዊው ምርመራ ሚኒባሷን ለጣቢያዎ አስረክበን በማግስቱ ስንመጣ ታንኩ የብር ቀለም ተቀብቶ እንደ ሠርግ ዕቃ ሲያብረቀርቅ አገኘነው። መስታወቱ ላይም ማኅተም ያለበት «ተመርምሯል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እኔ የዋኋ ምርመራ ሲባል የሚፈታ ነገር፣ የሚለካ ነገር፣ የሚተካ ጎማ ይኖራል ብዬ አስብ ስለነበር፣ ምርመራው እርሱ ራሱ ቀለሙ መሆኑ ሲነገረኝ በጣም ተገርሜያለሁ። የቀለሙም ለጋስነት የሚደነቅ ነበር። ታንኩ መቼ እንደተሠራና መቼ በግፊት እንደተፈተሸ ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቀን ተቀብቷል። ጋዙ የት እንደደረሰ የሚያሳየው ጌጅ መስታወቱ ጭምር ተቀብቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ታንኩ ውስጥ ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ ትርፉን የሚያወጣው ማስተንፈሻ አፍንጫው እስኪደፈን ድረስ ሁለት እጅ ተደርቦለት ተቀብቷል። ጌጁን ቤት ስገባ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈትጌ አጸዳሁት። ማስተንፈሻውን ግን አልነካሁትም፤ ጣቢያዎ በላዩ ላይ «ይህን የነካ የምርመራ ወረቀቱ ይሰረዝበታል» የሚል ማሳሰቢያ ለጥፎበት ነበርና። ፍሪጇ መመርመሯን የሚያሳየው ወረቀት ከሌለኝ የእንስሳት ጤና ቢሮው ክትባት አይሰጠኝም። ታንኩን ደፍኖ፣ የተደፈነውንም እንዳልነካ የከለከለኝን ይህን ጥንቃቄ እስከ ዛሬ አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ምራቂው።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ምክንያቱም ያደረጉት ነገር ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ። በጨፋ ሮቢት ገበያ ማሽላ ሲሰፈርልን ቁናው ሞልቶ ጫፍ ካወጣ በኋላ ሻጩ ከላዩ አንድ እፍኝ ይጨምርበታል። ያቺ እፍኝ ምራቂ ናት። ያለ ምራቂ የሸጠ ሰው እጁ ጠባብ ይባላል፤ ልጁን ለመዳር እንኳ ይቸገራል። እኔም ያደግሁት በዚህ ነው፤ የእኛ ሰው እንዲህ በመሆኑም ደስ ይለኛል። ነገር ግን አቶ ዓብዱልመጂድ፣ ጋዝ ማሽላ አይደለም። ማሽላ ፀሐይ ቢመታው ይደርቃል እንጂ ቁናውን አይሰብርም። ጋዝ ግን ታንክ ውስጥ ሲገባ ፈሳሽ ነው፤ ሲሞቀው ያብጣል። ስለዚህ ከታንኩ አምስት እጅ አራቱ ብቻ ይሞላና የቀረው ባዶ ይተዋል። ያ ባዶ ቦታ የሚተወው ለደንበኛው ተሰስቶ አይደለም፤ ለእብጠቱ ነው። ሠራተኛዎ ሸምሱ ይህን እኔ ሳልነግረው ያውቀዋል፤ የጣቢያዎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የራስዎ መመሪያም በትልቅ ፊደል ይለዋል።

ወደ ጨፋ ለክትባት በወጣንበት ቀን ሌሊቱ ሳይለቅ፣ ከሚሴ ገና ቀዝቀዝ ባለችበት ሰዓት ነበር የደረስነው። ሸምሱ ጌጁ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ቱቦውን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ፣ እርስዎ ከቢሮዎ ወጥተው፣ ሐኪሟ እንግዳችን ናት፣ ለእርሷማ መርቅላት እንጂ አሉት። በቂ ነው፣ አደጋ አለው ብዬ ለመንሁ፤ እርስዎም ይሉኝታ ይዞኝ መስሎዎት ይበልጥ ጨመሩልኝ። ሸምሱ አንዴ እኔን አንዴ እርስዎን እያየ ቆሞ፣ በመጨረሻ እንጀራውን የሚሰጠውን ሰው ታዘዘ። ጌጁ ከቀዩ አልፎ መሄጃ እስኪያጣ ድረስ ሞላችሁት። በዚህ ዓለም ላይ ደንበኛ እንዳይጨመርላት እየለመነች አስተናጋጇ በግድ የጨመረላት ቦታ ካለ የእርስዎ ጣቢያ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቅንድቡ።

ከተሞላ በኋላ ከመጋጠሚያው አካባቢ የጋዝ ሽታ መጣ። እኔ ከመኪናዋ የሳሙና ውኃ አምጥቼ መጋጠሚያው ላይ ላፈስስና አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ ላሳይዎ ስል፣ ሳሙና ለልብስ ነው ብለው ሳቁብኝና ከኪስዎ ላይተር አወጡ። የቀረውን ከእኔ ይልቅ መስታወትዎ ያውቀዋል። ሸምሱ ኮቱን አውልቆ ባይጥልበት ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚያነብም የሚጽፍም አይኖርም ነበር። እርስዎ ግን እንደ ኃላፊ አልተደናገጡም። ፊትዎን በመዳፍዎ እያሻሹ፣ ይኸው የሚያፈስበት ቦታ ተገኘ አሉ። ቀጥሎም ቦታው በብስክሌት ካላማዳሪ ቁራጭ እንዲጠመጠም አዘዙ። እኔም ያንን ካላማዳሪ አስፈትቼ መጋጠሚያው በአዲስ ጎማ እንዲታሰር ሸምሱን ለመንሁት። የትርፉን ጋዝ ነገር ግን፣ ከእሳቱ በኋላ ጣቢያው ውስጥ ማስወጣት ያስፈራ ስለነበር፣ ዳር ወጥተን ቀስ ብለን እናስተነፍሰዋለን ብለን መንገድ ጀመርን። ከከተማው ዳር ስንደርስ ግን ጋዝ በእጅ የሚለቀቅባት ትንሿ ብሎን በብር ቀለም ተጣብቃ አልፈታ አለች። ቀለሙን እንደገና አመሰግናለሁ።

ወደ ኋላ እንዳልመለስ አንድ ነገር ያዘኝ። በጨፋ ዳርቻ ካሉት ቀበሌዎች በሁለቱ የፍየል ሳንባ በሽታ ገብቶ ነበር። ክትባቱን ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ነው። አርቢዎቹም ለዚያ ቀን ተቀጣጥረው ፍየሎቻቸውን ይዘው ከየተራራው እየወረዱ ነበር። በሽታው ሳይቀድመኝ ልድረስ ብዬ ሄድሁ። መኪናዋን ገበያው ዳር ዛፍ ሥር አቁመን፣ ከመድረሳችን ተሰልፎ የጠበቀንን ሕዝብ ማስተናገድ ጀመርሁ።

ጥላው ሄደ፤ የጨፋ ፀሐይ መጣች። እርስዎ በቀዝቃዛው ሌሊት የመረቁልኝ ጋዝ ማበጥ ጀመረ። ጤነኛ ማስተንፈሻ ቢሆን ቀስ እያለ እስስ ብሎ ያወጣው ነበር። የእኛው ግን በቀለም ተለጉሞ ስለቆየ፣ ቀለሙ ሲሰነጠቅ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለቀቀው። ድምፁን የሰሙ ሁሉ ተኩስ መስሏቸው መሬት ላይ ወደቁ። ነጭ ጉም ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ መሬት ለመሬት ተሳበ፤ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ሰማይ አይሄድም። የሚሄድበትም አቅጣጫ ረቢአ የምትባል ሻይ ሻጭ ከሰሏን አቀጣጥላ የተቀመጠችበት ነበር። እኔ ወደ እርሷ እየሮጥሁ እጄን አወዛወዝሁ። ረቢአ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ የጣደችውን ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ እንዳለ ከሰሉ ላይ ደፋችው፤ በላዩም የዕቃ ማጠቢያዋን ውኃ ከለበሰችበት። እግሯ በፍላቱ ተቃጥሎ እስከ ዛሬ በጨርቅ ትጠቀልለዋለች። ስጠይቃት የምትለኝ፣ «አላህ ያተረፈን ነን እቴዋ፣ እግር ይድናል» ብቻ ነው። የገበያው ሰው በሙሉ ዛሬ ቆሞ የሚሄደው በእርሷ ሻይ ነው፤ የእርስዎ የምርመራ ወረቀት ግን መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ምንም አልሆነም።

የፍሪጇን እሳት ቶፊቅ ገና ድምፁ ሲሰማ ዘግቶት ነበር፤ ጋዙ ስላለቀም መልሶ አልበራም። ሽታው ሳይበተን ሞተር ማስነሣት ስለማይቻል ወደ ከሚሴ ልንመለስ አልቻልንም። መብራትም በዚያ ቀን አልነበረም። ድምፁ ያስበረገገው ፍየል እስኪሰበሰብ ክትባቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ለጥላ ይዤው ስዞር ዋልሁ፤ እጄ ላይ ሞቀ። ከዚያ ጥቂት ፍየል ብቻ የተከተበለትን፣ አብዛኛው ጨርሶ ያልተከተበለትን ሕዝብ፣ ሂዱ፣ ሌላ ቀን ጥሩኝ አልሁት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ከእነዚህ አንዱ አብዶ ነው። አብዶን ላያውቁት ይችላሉ። ከጨፋ ማዶ ካለው ኮረብታ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ የመጣ፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበረ አርቢ ነው። አልተቆጣኝም። ፍየሎቹን ቆጥሮ እየሰበሰበ «ረቢቱ ቤካ» ብሎኝ ሄደ፤ በኦሮምኛ አላህ ያውቃል ማለቱ ነው። በሽታው መንደሩ የገባው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሌላ ክትባት ለምኜ፣ በሰው ሞተር ሳይክል፣ በበረዶ ሣጥን ይዤ ስደርስ ፍየሎቹ ምላሳቸውን አውጥተው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ትንፋሽ ሲለምኑ አገኘኋቸው። የፍየል ሳንባ በሽታ አይተው ያውቃሉ? ፍየሏ አትተኛም፤ ብትተኛ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ቆማ ትሞታለች። የሞቱትን እንዳለ፣ ከነቆዳቸው፣ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀብራቸው አዘዝሁት። አብዶ ቆዳቸውን ልግፈፍ ብሎ አጥብቆ ለመነኝ፤ አይሆንም አልሁት። ለፍየሎቹ ያላለቀሰው ሰውዬ ለቆዳው ዓይኑ ውኃ ሞላ። ያኔ ምን እንደነካው አልገባኝም ነበር።

አራተኛ፤ ስለ መልስዎ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ቢሮዎ መጣሁና ነገሩን አስረዳሁ። እርስዎም ሻይ አዘዙልኝ፤ ወንበር ሳቡልኝ፤ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያም የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል ስለያዝሁት ሕዝብም ይስማው፦ «ከከፈልሽው በላይ ሰጥተንሽ እንዴት ትከሺናለሽ? ደግሞስ ሰው አልሞተ፤ ለፍየል ነው ይህ ሁሉ?»

ልክ ነዎት፤ ለፍየል ነው። እኔ ለፍየል ተምሬ፣ ለፍየል ምዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። እርስዎ ግን ለሰው የተሾሙ ሆነው ሳለ፣ ሰው እስኪሞት የሚጠብቁ መሆንዎን ከራስዎ አፍ ሰማሁ። የቀረበልኝን ሻይ ሳልጠጣ የወጣሁት ለዚያ ነው፤ ከባለጌነት እንዳይቆጥሩብኝ።

ስወጣም የነሐስ መጋጠሚያዬን ጠየቅሁ። ይህ መጋጠሚያ ከሚኒባሷ ጋር የመጣ፣ የውጭ አገሩን ታንክ ከእናንተ ቱቦ ጋር የሚያገናኝ፣ ያለ እርሱ ጋዝ የማይሞላበት፣ በየጊዜው ይዤ ከምመጣ ብዬ በአደራ ጣቢያዎ ያስቀመጥሁት የራሴ ዕቃ ነው። መጋጠሚያው የጣቢያው ንብረት ተብሎ ቁጥር እንደተጻፈበት፣ የሚመለስልኝም የጣቢያውን ስም ማጥፋቴን በጽሑፍ አምኜ ይቅርታ ስጠይቅ እንደሆነ ተነገረኝ። ዕቃዬን ወስደው ቁጥር ጽፈው መልሰው ለእኔ በይቅርታ መሸጥዎ፣ በዞናችን ነጋዴ ጠፋ ለሚሉ ሁሉ ጥሩ መልስ ነው። እነሆ ፍሪጇ ባዶዋን ቆማለች። ባቲ የሚጠብቁኝ አርቢዎች መቼ ትመጫለሽ እያሉ ይልኩብኛል። በሽታው ደግሞ የእኔን ይቅርታ አይጠብቅም።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ሆኜ የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው። መጋጠሚያዬን ይመልሱልኝ። ማስተንፈሻ ላይ ቀለም አይቀቡ፤ የተቀባባቸውንም ሁሉ ጠርተው ያስፍቁላቸው፤ ከእኔ ሌላ በየቤቱ ስንት የብር ቀለም የተቀባ ሲሊንደር እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ። ሸምሱ እጁን ሲዘረጋ ቱቦውን ይዝጋ፤ ደግነትዎ ካላስቀመጠዎት ምራቂውን በማሽላ ይስጡን። ላይተሩን ለሲጋራዎ ያቆዩት። ይቅርታ የተባለውን በተመለከተ፣ ከልቤ ልጠይቅ የምችለው አንድ ይቅርታ አለ። እርሱንም ጠይቄዋለሁ፤ አብዶን።

የእርስዎን ደግነት በፀሐይ ላይ የቀመስሁ፣ ከቸርነትዎ አላህ ያተረፈኝ፣ ቅንድብዎ ሙሉ ሆኖ እንዲበቅል ዘወትር የምመኝ፣ ጋዝ የሌላት ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ሶፍያ ሙሀመድኑር
የእንስሳት ሐኪም
ከሚሴ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስል አብዶ መጥቶ ስለ ቆዳው ያልነገረኝን ነገረኝ። ከፍየሎቹ እኩሌታው የራሱ አልነበሩም። አንድ የከተማ ሰው በአማቱ እጅ በርቢ የሰጠው ናቸው፤ አብዶ ያረባል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። እንደሚያውቁት የርቢ ፍየል ሲሞት ቆዳው ለባለቤቱ ይቀርባል፤ ቆዳ ያላቀረበ አርቢ ሸጦ በልቶ ነው ይባላል። ይህ ምስኪን ቆዳው በእኔ ትእዛዝ ስለተቀበረ ከባለቤቱ ፊት መቅረብ አፍሮ ከሚሴን ዳር ዳሯን ነው የሚዞራት። የፍየሎቹ ምልክት የግራ ጆሯቸው ጫፍ መቆረጡ ሲሆን፣ ባለቤታቸውም እርስዎ ነዎት። አብዶን እንዳይጠረጥሩት ሐኪሟ እኔ ምስክር ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ በቆዳው ፈንታ ይቀበሉኝ። የተሞላልን ጋዝ የአብዶን ፍየሎች ለመጨረስ በቂ ነበር፤ የእርስዎዎቹን እንደ ምራቂ ይቁጠሩልኝ።